ዘውዲቱን ማን ነከሳት?

በዚህ ዘመን ፌስቡክ አንዴ እንኳን ያልገደለው ሰው "ታዋቂ ነኝ" ብሎ ደረቱን ባይነፋ ይሻላል! ዘፋኙን ገድሎታል፣ ሯጩን ገድሎታል፣ ባለሥልጣኑንማ በየወሩ እየገደለ በየወሩ ያስነሳዋል... ሟቾቹም ለምደውታል መሰለኝ፣ "በሕይወት አለሁ" ብለው መግለጫ ይሰጡና ወደ ምሳቸው ይመለሳሉ። እኔን የገረመኝ ይኸው ሞት አገር አቋርጦ ጋምቤላ፣ ያውም እኛ ቤት፣ ያውም ገበያው ጀርባ የምትኖረው አክስቴ ዘውዲቱ ጋ መምጣቱ ነው። አክስቴ ፌስቡክ የላትም። ፌስቡክ ግን ፈልጎ አገኛት!

ከሁሉ በፊት ያን ቀን ጠዋት እኔ ምን ስሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ የጉዱ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ፤ ያን ዕለት ደግሞ ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር። የሥልጠናው ርዕስ? "ሐሰተኛ ዜናን እንዴት እንለያለን?" ... ሳቁ፣ ሳቁ፣ አልከፋም። አሁን እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከማመላለስ በቀር ሥራ አልነበረውም። እኔ ግን ላቤን እየጠረግሁ በወኔ እናገራለሁ።

"ዜና ስታዩ ማን አለ በሉ! እንዴት አወቀ በሉ! ሌላስ ማን አረጋገጠ በሉ! ሦስት ምንጭ ሳይኖራችሁ 'ሼር' የምትለዋን ነገር በጣታችሁ እንዳትነኳት!"

ከኩሌ የስደተኞች ካምፕ የመጣ አንድ ሠልጣኝ እጁን አወጣ።

"መምህር፣ እኛ ኩሌ ወሬ ከመኪና ቀድማ ነው የምትደርስ። ሦስት ምንጭ እስከምንፈልግ ሰው ሁሉ ሰምቶ ይጨርሳል።"

"ይጨርስ!" አልኩ ጠረጴዛውን በእጄ እየመታሁ። "እኛ ግን አንቸኩልም!"

ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሳይበርድ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አንድ ወዳጄ ከከተማችን ፌስቡክ ገጾች የአንዱን ጽሑፍ ልኮልኛል። የገጹን ስም አልጠቅስም፤ ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ባለቤቱ ፍቃዱ የግድግዳ ጎረቤቴ ስለሆነ ነው። እንዲህ ይላል፦

"ሰበር አሳዛኝ ዜና! ታዋቂዋ የከተማችን ነጋዴ ወ/ሮ ዘውዲቱ ዛሬ ረፋድ ላይ በባሮ ድልድይ አካባቢ በአዞ ተነክሰው ለሕልፈት ተዳርገዋል። ገጻችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን እየገለጸ፣ ላይክና ሼር ማድረግ እንዳይረሱ በትሕትና ያሳስባል።"

ክው አልኩ። ከጽሑፉ በላይ የአክስቴ ፎቶ አለ፤ ባለፈው ዓመት ሠርግ ላይ ሥጋ እየቆረጠች የተነሳችው። ሥልጠናውን እንደምንም በተንኩና ወጣሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ግን ባለሙያ ነኛ! ዝም ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ ወደ አክስቴ ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ቀጥዬ ፍቃዱ ጋ ደወልኩ።

"ፍቄ! የዜናህ ምንጭ ማነው?"

"የዓይን እማኝ።"

"ስሙን ንገረኝ!"

"ምንጭ አይገለጥም ወንድሜ። ሙያው አይፈቅድም።"

"አክስቴ ናት እኮ አንተ!"

"እንግዲህ ለአንተ ሲባል... አሪየት ናት። አሳ ሻጯ።"

አንድ ምንጭ ያዝኩ። ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ባሮ በረርኩ። አሪየት ድልድዩ ጥግ ትኩስ አሳ የምትሸጥ የአኝዋክ ሴት ናት፤ አማርኛዋ አጭርና ቀጥተኛ ነው።

"አሪየት፣ ስለ ዘውዲቱ የሚወራው እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ዘውዲቱ ሞተች።"

"አንቺ በዓይንሽ አይተሻል?"

"እኔ በጆሮ ሰማሁ። ሰውዬ ድልድይ ላይ ይጮሃል፣ ዘውዲቱ ሞተች! ዘውዲቱ ሞተች! በስልክ ሌላ ሰውዬ 'ነክሷል' ይላል።"

"ምንድነው የነከሳት?"

አሪየት በአገጯ ባሮን አመለከተችኝ።

"እዚህ ውስጥ ምን ይነክሳል? አሳ ይነክሳል?"

ሁለት ምንጭ ሆነ።

እዚህ ላይ፣ ውድ አንባቢ፣ ያን ሰዓት እኔ የማላውቀውን ነገር ለእናንተ ሹክ ልበላችሁ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ለሥራ ከከተማ ወጥቼ፣ የተመለስኩት በዋዜማው ነው። በዚያ ሳምንት አክስቴ ባጃጅ ገዝታለች። ገዝታም አልቀረች፤ ሠዓሊ ጠርታ ከኋላ በኩል በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል "ዘውዲቱ" ብላ አጽፋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ባጃጇን በስሟ ነው የሚጠራት፤ "ዘውዲቱ መጣች፣ ሳትሞላ ግቡ" ይባባላል። ሹፌሯ ኡጁሉ ይባላል፣ የከተማው ተወላጅ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ኡጁሉ ታዲያ በአማርኛው መሥራት ላቆመ ነገር ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። መብራት ጠፋ አይልም፣ "መብራት ሞተ" ነው። ኔትወርክ ተቋረጠ አይልም፣ "ኔትወርክ ሞተ" ነው።

ያን ቀን ረፋድ ባጃጇ ድልድዩ መሃል ላይ ጓ ብላ ቆመች። ኡጁሉ ሜካኒኩ ጋ ደወለ። ስልኩ ጆሮ ላይ ስለማይሰማ የሚያወራው ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ነው። "ዘውዲቱ ሞተች! ድልድይ ላይ!" ብሎ ጮኸ። ሜካኒኩም ጋራዡ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሳያይ ሳይመረምር፣ "በቃ ነክሷል!" አለ። መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሞተር ውስጡ ተጣብቆ እምቢ ሲል "ነከሰ" ይባላል። ይህን ቃል ጋራዥ ውስጥ የሰማ ሁሉ ፒስተን ያስባል። ባሮ ድልድይ ላይ የሰማ ሰው ግን ወደ ውሃው ነው የሚያየው!

ወደ ራሴ ልመለስ። ሦስተኛ ምንጭ ቀርቶኛል። አክስቴ ስልክ ላይ ደግሜ ሞከርኩ። (በእሷ ሰፈር መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ስላልነበረ፣ ስልኳን ቻርጅ ይደረግላት ብላ ባጃጇ ውስጥ እንደተወችው በኋላ ነው የሰማሁት።) አሁን ተነሳ!

"ሃሎ፣ አክስቴ?"

"ሃሎ! እትዬ እዚህ የለችም። እኔ ኡጁሉ።"

ኡጁሉን የማውቀው የአክስቴን ዕቃ በጋሪ ሲያመላልስ ነው። ሹፌር መሆኑን አልሰማሁም።

"ኡጁሉ... ዘውዲቱ ምን ሆነች?"

"ሞተች ወንድሜ! ድልድይ መሃል!"

"አንተ... ስትሞት አጠገቧ ነበርክ?"

"ነበርኩ እንጂ! በጣም ጮኸች። ከዚያ ጭስ ወጣ። ከዚያ ዝም አለች።"

ነፍስ ስትወጣ ጭስ ይታያል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይመረምራል? እናንተስ ብትሆኑ ትመረምራላችሁ?

"አሁን የት ናት?"

"በገመድ አስረን እየጎተትናት ነው።"

"በገመድ?! ምነው ኡጁሉ! እንደ ሰው አትሸከሟትም?"

"ከባድ ናት ወንድሜ! ብዙ ሰው ሞከረ፣ አልተቻለም።"

ይቺ አነጋገር የቀረችኝን ጥርጣሬ ጠራረገቻት። እውነቱን ለመናገር አክስቴ ገዘፍ ያለች ሴት ናት።

"ወዴት ነው የምትወስዷት?"

"ወደ ጋ—"

ኔትወርኩ፣ በኡጁሉ አማርኛ፣ ሞተ።

በቃ፣ ሦስት ምንጭ! አንዱ የመገናኛ ብዙኃን፣ አንዱ እማኝ፣ አንዱ ደግሞ ከቦታው! ሦስቱም ከአንድ ሰው አፍ የወጡ መሆናቸውን ማን ያስብ? ኡጁሉ ጮኸ፣ አሪየት ሰማች፣ ፍቃዱ አሳ ሊገዛ ሄዶ ከአሪየት ሰማ፣ እኔ ደግሞ ዞሬ ዞሬ ኡጁሉ ጋ ደርሼ "አረጋገጥኩ"! እንባዬን ጠረግሁና የፍቃዱን ጽሑፍ ከላዩ እንዲህ ብዬ አጋራሁት፦ "ከዋናው ምንጭ አረጋግጫለሁ። አክስቴ ነበረች።" ጠዋት ያሠለጠንኳቸው ሰዎችም "መምህራችን አረጋግጦታል" እያሉ ተቀባበሉት።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለሳቅ ነው። የሚቀጥለው ግን ለሳቅ አይደለም። እናቴ አለች።

እናቴ በአቦቦ በኩል፣ ከአልዌሮ ግድብ ብዙ ሳይርቅ፣ በሰፈራው መንደር ነው የምትኖረው። እሷና ዘውዲቱ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡት በአንድ የጭነት መኪና ላይ፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው ነው። ከቤተሰቡ እዚህ ምድር ላይ የተረፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቴ ደግሞ ደም ብዛት አለባት። ሐኪሙ "ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት" ብሎ እኔኑ ነው ያስጠነቀቀኝ። ይህን ወሬ ከሰው ስልክ ላይ በድንገት ብትሰማው እህቷን ስትከተል ታየኝ።

መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ወግ አለው። ስለዚህ የመንደሩ የእድር ዳኛ ጋሽ ሙሄ ጋ ደወልኩና ወሬውን ነገርኳቸው።

"ያ አላህ! ዘውዲቱ? ያቺ ዘውዲቱ?" አሉ። ቀጥለውም፣ "ለመሆኑ ሬሳዋን አይተሃል?"

"ሦስት ምንጭ አለኝ ጋሼ።"

"የምን ምንጭ? አሁን ባሮ ወንዝ ነው አላልከኝም? ምንጩን ምን አመጣው?"

"የዜና ምንጭ ጋሼ! የዜና!"

"እንዲያ ነው... እንግዲህ አንተ የተማርክበት ነው፣ አልከራከርህም። ለእናትህ 'ዘውዲቱን ትንሽ አሟታል' ብለን ይዘናት እንመጣለን። መርዶውን ከተማ ስንገባ እኛው እንነግራታለን።"

ወዲያው መንደሩ አንድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ።

እኔ ሬሳዋን የት እንዳደረሱት ስጠይቅ ቆይቼ ወደ አክስቴ ቤት ሮጥኩ። የከተማው እድር ዜናውን አይቶ ቀድሞኛል፤ በሩ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ውጭ ቆሞ ይላቀሳል፤ ቤት ውስጥ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ያንኳኳ ግን አንድም አልነበረም። እኔም ወግ አይቅርብኝ ብዬ ከመንገዱ ጫፍ ጀመርኩ።

"አክስቴን! አክስቴን! ወይኔ አክስቴን!"

የግቢው በር ተከፈተ። የተከፈተው ከውስጥ ነው። ማን ብትሉ... አክስቴ ዘውዲቱ! የቀትሩን ሙቀት በእንቅልፍ አሳልፋ፣ ዓይኗን እያሻሸች ወጣች። የድንኳኑን እንጨት የያዘው ሰውዬ እንጨቱን እግሩ ላይ ጥሎ አማተበ። አንዲት ጎረቤት ሙሾዋን መሃል ላይ አቋርጣ አፏን ከፍታ ቀረች። 

አክስቴ ድንኳኑን አየች። ሰዉን አየች። ከዚያ እያለቀስኩ የቆምኩትን እኔን አየች። እኔ እያለቀስኩ እሷ ቤት ከመጣሁ፣ የሞተው ማን ሊሆን ይችላል? ጭንቅላቷን ያዘች።

"እታለምን! እህቴን! እህቴን በሏት!" ብላ መሬት ላይ ተዘረገፈች። እናቴን ማለቷ ነው።

እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ።

"መቼ ነው የሞተችው?" አለችኝ አንገቴን ይዛ።

"ዛሬ ረፋድ ላይ" አልኳት። ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶታል!

"ምን አገኛት?"

"አዞ።"

"አዞ?! ቤቷ ድረስ መጥቶ?"

"አይ... እዚህ ነው፣ ባሮ ላይ።"

"እሷ እዚህ ምን ልትሠራ መጣች?"

"አልመጣችም! አንቺ እኮ ነሽ!"

"እኔ ምን?"

"የሞትሽው!"

አክስቴ እንባዋን ቀስ ብላ ጠረገች። "እህቴ ደህና ናት?" አለች። "ደህና ናት" አልኳት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች... ይህ ጽሑፍ የሰፈር ልጆችም እጅ ስለሚገባ የሚቀጥለውን አልዘረዝርም። ጫማው ሳይስተኝ መድረሱን ግን ከዋናው ምንጭ አረጋግጣለሁ።

ትንፋሿ ሲመለስ፣ "አንብብልኝ" አለች። የሞቷን ዜና ከራሷ ፊት ቆሜ አነበብኩላት። እኔ ስንት ወረቀት አዘጋጅቼ የማስተምረውን ነገር እሷ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትበታትነው ጀመር።

"'ታዋቂዋ ነጋዴ'... ይሁን፣ እሱስ ትክክል ነው። 'በአዞ ተነክሰው'? አዞ ይነክሳል እንዴ! አዞ ይበላል! ይህን የጻፈው ሰው ባሮን ያየው በፎቶ ነው። ፎቶ ሲባል፣ ይሄ ምን ዓይነት ፎቶ ነው? ሥጋ ጎርሳ የሞተች አስመሰለኝ እኮ! ደግሞ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

"አልተጻፈም።"

"ሰዓቱ ያልተጻፈ የሞት ዜና ምን ያደርጋል? ሰው በምን ሰዓት ይቅበረኝ?" አለችና ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። "ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ቆሞ ሲያለቅስ፣ በሬን መትቶ 'ዘውዲቱ፣ አለሽ ወይ?' ያለ አንድ ሰው ጠፋ?"

እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ያኔ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ! ጋሽ ሙሄ ጋ ደወልኩ፤ በአቦቦ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። ደገምኩ፤ የለም። እናቴ ይህን ድንኳን ካየች አለቀላት።

"ድንኳኑን አውርዱ!" ብዬ ጮህኩ። ለቅሶ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሁሉ ማውረዱ ላይ ተረባረበ። ግማሹ ወርዶ ግማሹ ሰው አናት ላይ እንዳለ የአይሱዙው ጥሩምባ ተሰማ። ዘገየን! መርዶው ከተማ መግቢያው ላይ ተነግሯታል። እናቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወረደች። ጩኸት የላትም፤ ከንፈሯ ብቻ "ዘውዴ... ዘውዴዬ..." ይላል። ፊቷ አመድ መስሏል።

አክስቴ የወደቀውን ሸራ በርግዳ፣ ባንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ባዶ፣ እየሮጠች ወጣች።

"እታለም! አለሁ! አለሁልሽ!"

እናቴ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። እጇን ዘረጋችና የአክስቴን ፊት ዳሰሰች፤ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ክንዷን።

"እግርሽን አሳዪኝ" አለቻት።

አክስቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችላት።

"ሁለቱም አሉ" አለች እናቴ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ነው ሁለቱም ተቃቅፈው መሬት ላይ የተቀመጡት። አለቀሱ፤ አለቀስን። እናቴን በሕይወት ሳያት ያን ቀን ከለቀቅሁት የውሸት እንባ ሁሉ የበለጠ እንባ ወጣኝ።

እንባው ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሙሄ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ "እስቲ ያን ምንጭህን አምጣው" ሊሉ ሲሉ፣ ከመንገዱ ጫፍ የባጃጅ ጥሩምባ ተንጣጣ። ኡጁሉ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ከተፍ አለ።

"እትዬ! እትዬ! ደስ ይበልሽ! ዘውዲቱ ተነሳች!"

ባጃጇን አዙሮ ሲያቆማት ከኋላዋ ያለው ቀይ ጽሑፍ ፊታችን ላይ ተደቀነ። ዘ-ው-ዲ-ቱ።

"ሜካኒኩ መጣ፣ አየ" አለ ኡጁሉ፣ የሚሆነው ሁሉ ሳይገባው። "አልነከሰም! ሙቀት ብቻ ነው። እኛ ውሃ ጠጣን፣ ዘውዲቱ በረደች፣ ቁልፍ ሳዞር ተነሳች!"

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ማን ያቁመን! ጋሽ ሙሄ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ "ምንጩ ይሄ ነው? ባለ ጎማ ምንጭ!" እያሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ፍቃዱ ብቻ አልሳቀም። ጥግ ይዞ ስልኩን እየነካካ ነበር። ቀና ሲል ዘግይተናል፤ ለቆታል።

"ሰበር አስደሳች ዜና! ወ/ሮ ዘውዲቱ ተነሱ! ምንጫችን በቦታው ተገኝቶ አረጋግጧል።"

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ገሚሱ ሊጸለይለት፣ ገሚሱ ቀሚሷን ሊነካ የመጣ ነው። እሷ ታዲያ ሁሉንም በጨዋ ቃል እየሸኘች፣ ራቅ ካለ ሰፈር የመጡትን በዘውዲቱ ታሳፍራቸው ነበር፤ በሒሳብ።

እኔ ማሠልጠኑን አልተውኩም። ሦስት ምንጭ የምትለዋን ግን ሳነሳ ድምፄ ድሮ እንደነበረው አይደለም። እናቴማ ጭራሽ አዲስ አመል አውጥታለች። ስልክ ደውዬ ገና "እማዬ፣ ሰማሽ?" ስል ታቋርጠኛለች። ማን አለ አትልም፣ እንዴት አወቀ አትልም።

"ቆይ ልጄ" ትለኛለች፣ "ባለሁለት እግሯ ናት ባለሦስት ጎማዋ?"